የእንጦጦን መንገድ ማን አወጣው?

አቃቂ ያደገ ሰው እንጦጦን አስቀድሞ የሚያውቀው በወንዙ ነው። ታላቁ አቃቂ ከእንጦጦ ጋራ ሥር ይነሣና ከተማውን አቋርጦ፣ በየሰፈሩ የተጣለበትን ሁሉ አግበስብሶ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ክረምት ላይ ወንዙ ሲቆጣ «ላይ አገር ዘንቧል» ይባል ነበር። ያ «ላይ አገር» ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከአስፋልቱ ወጣ ብዬ በባሕር ዛፉ መካከል በቀጭን የእግር መንገድ ስወጣ፣ ቆብ ያጠለቀ አንድ ወጣት በብስክሌት ቁልቁል እየተምዘገዘገ መጣና አሳለፍኩት። መንገዱ ደግሞ ለእሱ የተሠራ ይመስላል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ይጠማዘዛል፣ ጉልበት ሲዝል ጥቂት ሜዳ ይሰጣል። ይህን ያወጣው የትኛው መሐንዲስ ይሆን?

ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን የአካባቢው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍልውሃው ሜዳ ቢወርድም የእንጨቱ ችግር አብሮ ወረደ። ችግሩ ንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ እስከማስጀመር አድርሷቸው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት በ1880ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ያመጣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ችግኙ በርካሽ ታደለ፤ ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ ሆነ። ባሕር ማዶኛው ዛፍ ቶሎ አደገ፣ ሲቆርጡት መልሶ አቆጠቆጠ። (ውሃ ይመጥጣል እየተባለ መወቀሱ በኋላ የመጣ ጣጣ ነው።)

ዛፉ ግን በራሱ እግር ከተማ አይወርድም። ያወረዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በሌሊት ይወጣሉ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጠውን ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ሸክም ሥር የሚወርድ ሰው አቋራጭ አይመርጥም፤ ጉልበት የሚችለውን መታጠፊያ ይመርጣል። እነሆ መሐንዲሶቹ! የአዲስ አበባ እንጀራ ለስንት ዘመን የተጋገረው በእነርሱ ጀርባ ነው።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደኑ የመንግሥት ሲሆን ለቀማው ስርቆት ተባለ፤ ጥበቃውም ያባርራቸው ጀመር። መንገዱም በዚያው ልክ በዛ፤ ዋናው ሲዘጋ ጥሻ ለጥሻ ሌላ ይወጣልና። ኋላ አንዳንዶቹ ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገቡ። በዚያው ጋራ ላይ ኃይሌና ደራርቱ ሮጡ። ብስክሌቱ እንኳ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትወጣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈዋል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ተራራው በይፋ የመዝናኛ ሆነ።

በመዝናናቱ ቅር የሚለኝ የለም፤ እኔም የወጣሁት ልዝናና ነው። ቅር የሚለኝ፣ ስለ ተራራው ሲወራ ንጉሡም፣ ፈረንሳዊውም፣ ሯጩም እየተጠሩ ባለ ገመዶቹ ሴቶች ከታሪኩ መውደቃቸው ነው። ስማቸውን የጻፈልን የለም፤ የጻፉት በእግራቸው ነው።

ስመለስ መታጠፊያው ላይ አንዲት አሮጊት ቁጭ ብለው አገኘሁ። «ደከመዎት እንዴ እማማ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ የለመድኩት ቦታ ነው» አሉና ከኋላቸው ያለውን እስከ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ሸክማችንን ሳንፈታ የምናሳርፈው እዚህ ላይ ነበር። ከዚህ ዝቅ ያለ ከሆነ መልሶ መነሣት የለም።»

የድንጋዩ አናት በገመድና በእንጨት ተፍቆ ለስልሷል። ያ ወጣት ተመልሶ መጣና ብስክሌቱን እዚያው አስደግፎ ውሃውን ይጠጣ ጀመር፤ እሳቸውም ቦታ ለቀቁለት።