ሰውነት በሽታን እንዴት ይከላከላል? ለምንስ ጊዜ ያስፈልገዋል?

አንድ አርሶ አደር በአረም ወቅት ባዶ እግሩን እሾህ ቢወጋው ቀጥሎ የሚኾነውን ሁሉም ያውቀዋል። የተወጋው ቦታ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ያብጣል፤ ይጠዘጥዛል። ውሎ ሲያድር መግል ይቋጥራል። አንዳንድ ጊዜ ቁስሉ እግር ላይ ኾኖ ሳለ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ትኩሳትም ይከተላል። እነዚህ ምልክቶች በተለምዶ የበሽታው ሥራ ተደርገው ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ ግን ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ትግል ምልክቶች ናቸው።

ይህን ትግል የሚያካሂደው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ነው። እንደ ልብ ወይም እንደ ኩላሊት በአንድ ቦታ የተቀመጠ አካል አይደለም። በቆዳ፣ በደም፣ በአጥንት መቅኔ፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳ እና በመላ ሰውነት በተበተኑ ትንንሽ ዕጢዎች ውስጥ ይገኛል። ተግባሩም የራስን ከባዕድ መለየት፣ ጎጂውን ባዕድ ማጥፋት እና ያጠፋውን ማስታወስ ነው።

ባዕዳኑ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው። ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ ፈንገሶች እና እንደ ወባ ያሉ ጥገኛ ተህዋስያን ይገኙባቸዋል። ሁሉም ጠላት አይደሉም፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ምግብን በማብላላት ሰውን ያገለግላሉ። ጎጂዎቹ ግን ትልቁ ኃይላቸው ፍጥነታቸው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምቹ ኹኔታ ካገኙ በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ይራባሉ። በዚህ ስሌት አንዲት ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትኾናለች። ስለዚህ በተህዋስያን እና በሰውነት መካከል ያለው ትግል በመሠረቱ የጊዜ ሽቅድምድም ነው።

የመጀመሪያው አጥር

ተህዋስያን ወደ ሰውነት ለመግባት መጀመሪያ አጥሩን መሻገር አለባቸው። ያልተሰነጠቀ እና ያልቆሰለ ቆዳ አብዛኞቹን አያሳልፍም። በአፍንጫ እና በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው ንፍጥ ከአየር ጋር የገቡትን አጣብቆ ይይዛል፤ ፀጉር መሰል ረቂቅ ነገሮችም ወደ ላይ ጠርገው በሳል እና በአክታ ያስወጧቸዋል። እንባ እና ምራቅ ባክቴሪያን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር አላቸው። ከምግብ እና ከውኃ ጋር የሚገቡትን ብዙዎቹን ደግሞ የጨጓራ አሲድ ይገድላቸዋል። እሾህ፣ የማጭድ ቁስል፣ የውሻ ንክሻ ወይም የትንኝ ንድፊያ አደገኛ የሚኾኑት ይህን አጥር አፍርሰው ስለሚያልፉ ነው።

ፈጥኖ ደራሹ ኃይል

አጥሩ ሲፈርስ በአካባቢው የሚገኙ ህዋሳት በደቂቃዎች ውስጥ የድረሱልን ምልክት የኾኑ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ወደ ቦታው የሚፈሰው ደም ይጨምራል። መቅላቱ እና መሞቁ ከዚህ የመጣ ነው። ከደም ሥሩ የሚወጣው ፈሳሽ እብጠቱን ይፈጥራል። ከፈሳሹ ጋር ነጭ የደም ህዋሳት ይወጡና ያገኙትን ባክቴሪያ መዋጥ ይጀምራሉ። ብዙዎቹ ውጠው ከገደሉ በኋላ ራሳቸውም ይሞታሉ። መግል የሚባለው በአብዛኛው የእነዚህ የሞቱ ህዋሳት እና የባክቴሪያዎች ክምችት ነው።

ትኩሳትም ከዚሁ ኃይል የሚመጣ ነው። ነጭ የደም ህዋሳት የሚልኩት መልእክት አንጎል ሲደርስ የሰውነት ሙቀት ከፍ እንዲል ይደረጋል። በዚህ ሙቀት ብዙ ተህዋስያን መራባት ይከብዳቸዋል፤ የመከላከያ ህዋሳት ግን ይበረታሉ። ይህ ማለት ትኩሳትን ችላ ማለት ይገባል ማለት አይደለም። ትኩሳት ትግል መኖሩን እንጂ ማን እያሸነፈ እንደኾነ አይናገርም። የሕፃን ትኩሳት፣ ከአንገት መገተር ወይም ራስን ከመሳት ጋር የመጣ ትኩሳት እንዲሁም ወባ ባለበት አካባቢ የታየ ማንኛውም ትኩሳት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የሚማረው ኃይል

ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንዱን ተህዋስ ከሌላው ለይቶ አያውቅም። እርሱ ጊዜ ሲገዛ ሌላ ኃይል መማር ይጀምራል። ልዩ መልእክተኛ ህዋሳት የተህዋሱን ቁራጭ ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው ዕጢ ይሄዳሉ። በዚያ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቅርጽ ያለው መያዣ የያዙ እጅግ ብዙ ህዋሳት ይገኛሉ። አብዛኞቹ ከቁራጩ ጋር አይገጥሙም። ከብዙ ቁልፎች መካከል አንዱ ለአንድ ጓጉንቸር እንደሚገጥም ሁሉ የሚገጥመው ህዋስ ሲገኝ ግን እርሱ ብቻ ተመርጦ በፍጥነት ይራባል። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚወጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከተራቡት ህዋሳት ገሚሶቹ አንቲቦዲ የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታሉ። አንቲቦዲ ከተህዋሱ ጋር ተጣብቆ ወደ ህዋስ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ለሚውጡት ህዋሳትም ምልክት ያደርግላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ቫይረስ የተደበቀባቸውን የሰውነት ህዋሳት ፈልገው ያጠፋሉ፤ ወይም ሌላውን ኃይል ያስተባብራሉ።

ይህ ሥልጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብርቱ በሽታ ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው። ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን ከሠለጠኑት ህዋሳት ጥቂቶቹ ለረጅም ዘመን በሕይወት ይቆያሉ። ያው ተህዋስ ዳግም ሲመጣ ምላሹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ ተህዋሱ ይጠፋል።

የዚህ ትውስታ ብርታት በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1846 ኩፍኝ ወደ ደሴቶቹ ገብቶ ከ8 ሺህ ከማይበልጡት ነዋሪዎች 6 ሺህ ያህሉን አሳመመ። ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር ፓኑም ሕዝቡን ሲመረምር ከ65 ዓመት በፊት በ1781 ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አዛውንት እንዳልታመሙ ተገነዘበ። ሰውነታቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን ጠላት አልረሳውም ነበር።

ሁሉም ተህዋስ ግን እንዲህ አይታወስም። ጉንፋን የሚመላለሰው ከ100 በላይ የቫይረስ ዓይነቶች ስለሚያመጡት ነው። አንዱን ማወቅ ሌላውን አያስቆምም።

ሳይታመሙ መማር

ክትባት በሽታው ሳይመጣ ሥልጠናውን ማስቀደም ነው። የተዳከመ ወይም የሞተ ተህዋስ፣ አልያም ከተህዋሱ የተወሰደ ቁራጭ ለሰውነት ይሰጣል፤ ሰውነትም ያለ ከባድ አደጋ ይማራል። ክትባት በተወሰደ ማግስት የሚታየው ቀላል ትኩሳት እና የክንድ ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ሥልጠና ምልክት ነው።

ቀጠሮው መደጋገሙም ምክንያት አለው። ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን እና መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት ለሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው የመጀመሪያው ብቻውን የጸና ትውስታ ስለማይተው ነው። የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው ዙር በ9 ወር የሚሰጠው ከእናት የተወረሰው አንቲቦዲ እስከዚያው ክትባቱን ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ሕፃናት መከላከያ የሚያገኙት 85 ያህሉ ናቸው። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዙር የቀሩትን ለመድረስ ነው። አንድ ጊዜ ተከትቧል ብሎ ሁለተኛውን ቀጠሮ መተው ልጁ ከቀሩት መካከል እንደማይኾን መወራረድ ነው።

የኩፍኝ ጉዳት በሽፍታው አያበቃም። ቫይረሱ የትውስታ ህዋሳትን ራሳቸውን ያጠቃል። እ.ኤ.አ በ2019 የወጣ ጥናት ያልተከተቡ ሕፃናት ኩፍኝ ሲይዛቸው ለሌሎች በሽታዎች የነበራቸውን አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ ያህል እንዳጡ አሳይቷል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ቀጥሎ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ባክቴሪያው በአፈር እና በከብት እበት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። የሚረጨው መርዝ እጅግ ብርቱ በመኾኑ ለመግደል የሚበቃው መጠን ሰውነትን ለማስተማር አይበቃም። ስለዚህ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ መከተብ ይኖርበታል።

ክትባት የከብት ቤትንም ታሪክ ቀይሯል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የኢትዮጵያን ሕዝብ የፈጀው ክፉ ቀን ሲመጣ የእርሻ በሬዎችን የጨረሰው የደስታ በሽታ ነበር። ይህ በሽታ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ በኾነ ቫይረስ የሚመጣ ነው። በክትባት እና በክትትል ከዓለም መጥፋቱ በሰኔ 2003 ዓ.ም ታውጇል።

የእናት ስንቅ

አዲስ የተወለደ ሕፃን የመማሪያ ጊዜ የለውም። እናቱ ስንቅ ትሰጠዋለች። የሰው ልጅ በማሕፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል አንቲቦዲ ይቀበላል፤ ከተወለደ በኋላም በጡት ወተት ያገኛል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር በዚህ እጅግ የበለጸገ ነው። እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ወይም በምትኩ ቅቤ እና ውኃ ማቅመስ የሕፃኑን የመጀመሪያ መከላከያ መንፈግ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት።

ለጥጃ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። የላም እንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ስለማያሳልፍ ጥጃ ያለ መከላከያ ይወለዳል ማለት ይቻላል። ያለው ተስፋ እንገር ነው። አንጀቱ አንቲቦዲውን ሳይፈጭ የሚያሳልፈው ደግሞ በመጀመሪያው 1 ቀን ውስጥ ሲኾን፣ ሰዓታት ባለፉ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እንገሩ ለቤተሰብ ከመታለቡ በፊት ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥገብ አለበት።

መከላከያው ሲታለል

አንዳንድ ተህዋስያን መከላከያውን ያታልላሉ። የወባ ተህዋስ መልኩን እየለዋወጠ ያመልጣል። ወባ በሚበዛበት ቆላ ያደጉ ሰዎች ደጋግመው በመያዝ ከፊል መከላከያ ያገኛሉ፤ ከአካባቢው ርቀው ሲኖሩ ግን ይቀንሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ እና ሁመራ የሚወርዱ ሠራተኞች በወባ ክፉኛ የሚጎዱት ይህ ከፊል መከላከያ ስለሌላቸው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ መከላከያው አጥሮ ቢይዘውም ሳይሞት ለዓመታት ይተኛል፤ በምግብ እጥረት፣ በስኳር በሽታ ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት አቅም ሲደክም ይነሣል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ራሱን መከላከያውን የሚያስተባብሩትን ህዋሳት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የጊዜን ዋጋ ከሁሉም በላይ ያሳያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቫይረሱ ከቁስሉ ወደ አንጎል የሚጓዘው በነርቭ በኩል ቀስ ብሎ ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙና እና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ከታጠበ፣ ክትባቱም በዚያው ቀን ከተጀመረ ሰውነት ቫይረሱን ይቀድመዋል። በጸበል ወይም በባህል መድኃኒት የሚጠበቀው እያንዳንዱ ቀን ግን ከዚህ ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው።

አቅሙን የሚያግዘው ምንድን ነው?

መከላከያ ህዋሳት የሚሠሩት ከሚበላው ምግብ ነው። ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ካሮት እና ፍራፍሬ በልጆች መሶብ ላይ መገኘታቸው ትልቅ ድርሻ አለው። በተለይ የቫይታሚን ኤ እጥረት ኩፍኝን ገዳይ ያደርገዋል። በቂ እንቅልፍ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በእርሻ ሥራ ጫማ ማድረግ እና አጎበር መጠቀም ተህዋስያኑ ቀድሞውኑ ብዙ ኾነው እንዳይገቡ ያደርጋሉ።

አንቲባዮቲክ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ለጉንፋን መውሰዱ ጥቅም የለውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ እና የታዘዘውን አቋርጦ መተው መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ መንገድ ይከፍታል።

ሰውነት ለመማር ጊዜ ይፈልጋል፤ በሽታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በወቅቱ የተወሰደ ክትባት፣ ያልተደፋ እንገር እና ሳይዘገይ የታጠበ ቁስል ለሰውነት ያንን ጊዜ ይገዙለታል። የሕፃኑን የክትባት ካርድ አውጥቶ ቀጣዩን ቀጠሮ ማየት ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው።