የአዋሽ ቡፌ፦ ባቡር ያቆመው ገበታ

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጥንቱ ባቡር ሌሊት አይጓዝም ነበር። መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያው አዳር ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ነበር። ዛሬ አዋሽ ሰባት ኪሎ በምንላት የአፋር ከተማ፣ ከወንዙ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ የፈረንጅ ምግብ ቤት የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። የአገር ቤት ናፍቆት ብቻውን በዚያ ቆላ ወጥ ቤት አያቆምም፤ ያቆመው የባቡሩ የጉዞ ሰዓት ነው።

የሐዲዱን ታሪክ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ እሱም ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑ ጋር ተሻረከ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ቡፌ ዳዋሽ ከጣቢያው አጠገብ ያለ፣ ማደሪያ ክፍሎችም ያሉት ቤት ነው። የባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳዊ ይሁን እንጂ ቤቱን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ግሪካዊት ወይዘሮ ነበሩ። ይህ የሚገርም አይደለም፤ ሐዲዱን ከዘረጉት የውጭ ሰዎች መካከል ግሪኮችና ጣሊያኖች ብዙ ነበሩ፤ በየጣቢያው ንግድ ከፍተው የቀሩም አሉ። ታዲያ ከማርሴይ መርከብ ተሳፍሮ የመጣው እንግዳ አዋሽ ላይ ያገኘው የየትኛውን አገር ገበታ ነው? በኔ ግምት የየትኛውም አይደለም፤ የሐዲዱ የራሱ ገበታ ነው። ባሕር ማዶ የተመረተው ዘይትና የወይን ጠጅ ከጅቡቲ ወደብ በዚያው ባቡር ይመጣ ነበር፤ ሥጋው ግን ከአፋርና ከከረዩ ከብት ቢሆን ነው።

ይህን ገበታ ትቶ የሄደም ፈረንጅ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በታኅሣሥ 1933 ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎቹን ጭኖ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። አውሳ ደርሶ ሱልጣን መሐመድ ያዮን አገኘ፤ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ ሲያልቅ አየ፤ በግንቦት 1934 ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ብቅ አለ። በመንገዱ የእንግሊዝ ምግብ አልናፈቀውም ብንል አያስደንቅም። ሰውየው በ1910 የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው፤ አገር ቤት ሲባል ምን ይታየው እንደነበር ማን ያውቃል!

ደግሞስ ባዕድ ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? በአፋር ክልል ሎጊያ ከተማ መኪናውን አቁሞ «ሽሮ አለ?» የሚለው የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ ሰመራ ተመድቦ ከሙቀቱ ጋር የሚታገለው ደገኛ መንግሥት ሠራተኛ፣ የሚፈልጉት ያንኑ የለመዱትን ነው። ወተት፣ ሥጋና ቂጣ በለመደ አገር እንጀራ ሩቅ መንገድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ጤፉ ከደጋ ይወርዳል። ጭፍራን የመሰለች፣ ከወሎ ደጋ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ፣ ደገኛውና አፋሩ የሚገናኙባት ናት። አዋሽ ላይ ሐዲድ የሠራውን ሥራ እዚህ አህያ፣ ግመልና አይሱዙ ይሠሩታል። የዚህ ታሪክ ግን እንደ ባቡሩ አልተጻፈም፤ ፈረንጅ ስላልበላበት ይሆን?

በአዋሽ ያልፍ የነበረው የአሮጌው ባቡር ጉዞ ቆሟል፤ በጥቅምት 2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አዋሽ የሚያሳድረው የለም። በቡፌው ወጥ ቤት የሠሩ፣ እንግዳ ያስተናገዱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ምን፣ እንዴት ይበስል እንደነበር የአፋር ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቆ ይመዝግብ። መዝገቡ ሲከፈት የሎጊያና የጭፍራ እንጀራ ጋጋሪዎችም አይረሱ።