የጅብ ጥላ ማን ይዘራል?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ከዓመታት በፊት ነው። 9ኛ ክፍል ታሪክ እያስተማርኩ፣ ሰው ከአደንና ከለቀማ ወደ እርሻ የተሻገረበት ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ጤፉ፣ ከብቱ እንዴት እንደተላመደ ስዘረዝር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እንጉዳይስ? ጫካ ውስጥ ዛፍ ስር የሚበቅለውን ሰው ለምን አልዘራውም?"

መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ከበደኝ። "የጅብ ጥላ ማን ይዘራል? ጅብ ካልሆንክ በቀር!" ብዬ ቀለድኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ "ጅቦ" እየተባለ ቀረ። ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

መልሱን ያገኘሁት በቅርቡ ነው። ነገሩ ለካ የሚያስቅ አልነበረም።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቮክሉዝ በሚባለው አካባቢ፣ ጆሴፍ ታሎን የሚባል ገበሬ ነበር። ዘመኑ የ1800ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በዚያ አገር ትሩፍል የተባለ እንጉዳይ አለ። እንደኛው ጥላ ዘርግቶ ብቅ አይልም፤ እንደ ድንች ድብልብል ብሎ አፈር ውስጥ ይቀራል። በሽታው ፈልጎ የሚያገኘው አሳማ ወይም ውሻ ነው። ዋጋው አይቀመስም። ታሎን ምን አደረገ? ትሩፍል ከሚገኝባቸው የኦክ ዛፎች ስር የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ ድንጋያማ መሬት ላይ ተከለው። ዛፎቹ ከዓመታት በኋላ ሲያድጉ ከስራቸው ትሩፍል ወጣ። ልብ በሉ፣ እንጉዳዩን አልዘራም። ዛፉን ነው የተከለው።

ነገሩ ተሰማ። በ1847 ካርፓንትራ ከተማ አጠገብ ኦጉስት ሩሶ የተባለ ሰው 7 ሄክታር መሬት ላይ ኦክ ተከለ፤ በ1855ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ትሩፍሉን አቅርቦ ተሸለመ። ከዚያ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ መጥቶ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ሲያደርቀው፣ ወይኑ ያለቀበት ገበሬ ብዙው በቦታው የትሩፍል ዛፍ ተከለ።

ግን ለምን ዛፍ ያስፈልገዋል? ይህን የመለሰው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት ፍራንክ ነው። የፕሩሺያ መንግሥት "ትሩፍል በአገራችን ይለማ እንደሆነ አጥናልን" አለው። እሱ ግን አፈሩን ሲቆፍር ትልቁን ነገር አገኘ፦ የዛፉ ቀጫጭን የሥር ጫፎች የፈንገስ ካባ ለብሰዋል። በ1885 "ማይኮራይዛ" አለው፤ የፈንገስና የሥር ጥምረት ማለት ነው። ዛፉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ ይሰጣል፤ ፈንገሱ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን አፈር ውስጥ ዘርግቶ ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያመጣለታል። በእኛ ቋንቋ ወንፈል ነው።

ወንፈሉ ሲጓደል ምን እንደሚሆን ፖርቶ ሪኮ ላይ ታይቷል። ደሴቲቱ ላይ ጥድ ቢተከል ቢተከል እየቀጨጨ ይሞት ነበር። በ1955 ከሰሜን ካሮላይና የጥድ ደን አፈር አምጥተው ችግኞቹ ሥር ሲጨምሩ ዛፎቹ ነፍስ ዘሩ። የጎደለው አፈሩ ውስጥ ያለው ባልንጀራ ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ትሩፍል ወደቀ፤ ዛፉን የሚንከባከበው ገበሬ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ቀርቷል፣ ገጠሩም ባዶ ሆኗል። በ1970ዎቹ ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ችግኙን ገና ጣቢያው ላይ ሳለ ከፈንገሱ ጋር ማጋባት ቻሉ። በዚህ መንገድ በ1999 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታዝማንያ ላይ፣ ትሩፍል ተለቀመ። ሁሉም ግን እሺ አላለም። ፖርቺኒ የሚባለው ተወዳጅ የጫካ እንጉዳይ እስከዛሬ ለገበያ በሚበቃ መጠን አልለማም።

እኛስ? አዲስ አበባ ገበያ የምታገኙት ኦይስተር እንጉዳይ ዛፍ አያስፈልገውም፤ የሞተ ነገር በላተኛ ስለሆነ ጭድ ላይ ይለማል። የአገራችን ጽድና ወይራም ከፈንገስ ጋር ወንፈል አላቸው፣ የእነሱ ባልንጀሮች ግን እንጉዳይ አያወጡም፤ ሥር ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚኖሩት። እና ችግኝ ስትተክሉ፣ ሥሩ የያዘውን አፈር አራግፋችሁ አትጣሉት። (ደግሞ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የማታውቁትን እንጉዳይ ለቅማችሁ እንዳትበሉ! ገዳይ አለበት።)

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ስምህን እዚህ አልጠራም፣ አንተ ታውቀዋለህ። የጠየቅኸኝ ጥያቄ አንድ የፕሩሺያ መንግሥት ለሳይንቲስት ያቀረበው ጥያቄ ነበር። እኔ "አላውቅም፣ አንብቤ ነገ እመልስልሃለሁ" ማለት አቅቶኝ ቅጽል ስም ሰጠሁህ። ይቅርታ አድርግልኝ። አብራችሁት የሳቃችሁም፣ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ካገኛችሁት ይህን አድርሱልኝ።

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሌላ ጥያቄ ካለህም አምጣው፤ የማላውቀው ከሆነ አላውቅም እልሃለሁ።