ሮማይስጥና አማርኛችን

በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ አርማ ላይ ያለችውን አጭር ጽሑፍ ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ቋንቋዋ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ላቲን ነው። በዮሐንስ ወንጌል በጌታ መስቀል ላይ ተጻፈ የሚባለው ሮማይስጥ ማለት ነው።

ላቲን በመጀመሪያ የሮምና የአካባቢዋ ሕዝብ ቋንቋ ነበር። ከወታደሩና ከነጋዴው ጋር ርቆ ተጓዘ። በአፍ የሚነገረው በየአገሩ እየተለያየ ሄዶ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛና ሩማንኛ ሆነ። የሚጻፈው ግን እንደ ግእዛችን አፍ መፍቻነቱ ከቀረ በኋላም በቤተ ክርስቲያንና በሊቃውንት ዘንድ ኖረ።

እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ሮም ውስጥ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። በ1652 እሱ ወዳለበት ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ግእዝንም አማርኛንም አስረዱት፤ ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። በኅትመት የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይኸው ነው። ታዲያ ማብራሪያው በሙሉ በላቲን ነው! የዲልማን ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም በ1865 ሲወጣ ፍቺው በላቲን ነበር፤ ግእዝን በጥልቀት ልመርምር የሚል የእኛ ልጅ ዛሬም ላቲን ሳይቸግረው አይቀርም።

የሉዶልፍ ስም በየመጽሐፉ ይነሣል። እኔ ግን ከጎኑ የመምህሩም ስም እኩል ሊጠራ ይገባል ባይ ነኝ። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን አላዩትም። ኅትመቱ ከመውጣቱ 40 ዓመት በፊት፣ በ1658፣ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ።