ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ማነው?

በሬዲዮ በጆሯችሁ የሰማችሁትን አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። ቀስ እያላችሁ አንብቡ።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሊጥ ነው። ስለ ሊጥ ደግሞ ምን ወሬ አለ ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ!

ማታ ዱቄቱን በውሃ አቡክታችሁ፣ እርሾ ጨምራችሁ፣ ቡሃቃውን ከድናችሁ ትተኛላችሁ። ሲነጋ ግማሽ የነበረው ሊጥ ኩፍ ብሎ እስከ አፉ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ማን ጨመረበት? አንዳንድ ቀን ደግሞ ሊጡ ዝም ብሎ ተኝቶ ያድራል። ያን ጊዜ ጣት መቀሰር ይመጣል። አዲሷ ሙሽራ «እጇ አያቦካም» ትባላለች። ወይም «የሰው ዓይን አይቶት ነው» ይባልና ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል። እስቲ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከሥሩ እንመልከት።

በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ከጣና በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ ጎንደር መጣ። (የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴም አየ። አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ስለ ወንዝ ብቻ አልጻፈም፤ ስለ እንጀራም ጻፈ። የጤፍ ሊጥ በሸክላ ዕቃ ሆኖ፣ ከእሳት ራቅ ብሎ ተቀምጦ እንደሚቦካ፣ ከዚያም ክብ ሆኖ እንደሚጋገር ገለጸ። እንጀራው እንደ ስፖንጅ ልስልስ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ነው አለ። ልብ በሉ! ሊጡ ከእሳቱ አይርቅም፣ እሳቱ ውስጥም አይገባም። ሙቀት ሊጥን እንደሚረዳ የጎንደር ሴቶች አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ለምን እንደሚረዳው ግን በዚያ ዘመን የፈረንጅ ሊቃውንትም አያውቁም ነበር። በ1680 ሌውዌንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ ራሱ በሠራው ማጉያ መስተዋት የቢራ እርሾ ተመልክቶ ድቡልቡል ነገሮች አይቷል። ሕይወት እንዳላቸው ግን አላወቀም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1857 መቦካት የሕያው ነገሮች ሥራ ነው ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ብዙ ክርክር ነበር። የጣና ዳር እናቶች ደግሞ ፓስተርን ሳይጠብቁ፣ ከትናንቱ ሊጥ ላይ የጠለለውን እርሾ ለነገ እያስቀመጡ እነዚያን ሕያው ነገሮች ሲቀልቡ ኖረዋል።

እነዚህ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች ስኳር ይበላሉ። «ጤፍ ውስጥ ስኳር የት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ጥቂቱ ቀስ በቀስ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩን በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጠላ ሲፈላ የሚንተከተከው፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ጢስ የሚለው ያው ጋዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ አሲድ ይሠራሉ። እንጀራን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው።

ጋዝ ግን ማምለጥ ይወዳል። ስንዴ ግሉተን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ስላለው ጋዙን እንደ ፊኛ ይይዘዋል። ድፎ ዳቦ ከፍ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። ታዲያ እናቶቻችን ምን አደረጉ? አብሲት ጣሉ! ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ፣ በውሃ አፍልቶ መመለስ ማለት ነው። የበሰለው ዱቄት እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ጋዙ ቶሎ አያመልጥም። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ሲወርድ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ እየበሱ ይወጣሉ። የእንጀራ ዓይን ይኸው ነው። ይህን ዘዴ የፈለሰፈችው ሴት ስሟ ከፓስተር ጎን ቢጻፍ አይበዛባትም ነበር።

አሁን ወደ ሙሽራይቱ እንመለስ። እርሾ ሕያው ነገር ነው ብለናል። ሲሞቀው ይሠራል፣ ሲበርደው ያንቀላፋል፣ በፈላ ውሃ ቢነካ ይሞታል። በባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ የሚቦካው ሊጥ፣ ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ከባሕር ዳር ተድራ ደብረ ታቦር የገባች ሙሽራ ሊጧ ባይቦካላት ጥፋተኛው ብርዱ ነው፤ ወይም የደከመ እርሾ ነው። ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅለል አድርጋ ምድጃው አጠገብ ብታስቀምጠው ይሻላታል።

ኬክስ? ኬክ እስኪቦካ አይጠበቅም። በ1843 አልፍሬድ በርድ የሚባል የእንግሊዝ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሚስቱ እርሾ ያለው ዳቦ ስለማይስማማት፣ ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሣ ዱቄት ቀመመ። ቤኪንግ ፓውደር የምንለው ነው። ሶዳና ደረቅ አሲድ አብረው ያሉበት ነው። ውሃ ሲያገኛቸው ሁለቱ ተዋግተው ያንኑ ጋዝ ይለቃሉ። ለማየት ከፈለጋችሁ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው አረፋ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን አለ። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ከእውነተኛው ባሕር 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጋዙንም ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ያነሰ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር ለኬክ የተጻፈ ልክ እዚህ ይበዛል። ኬኩ ገና ሳይበስል ቶሎ ያብጥና መሀሉ ይሰምጣል። መሀሉ የጎደጎደ ኬክ ያወጣችሁ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤኪንግ ፓውደሩን ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ቀንሱ፤ ውሃው ቶሎ ስለሚተንም ጠብታ ውሃ ወይም ወተት ጨምሩበት።