ለማይለቅ ድካም የዕፅዋት እንክብል፦ ማስረጃው እስከ የት ይወስዳል?

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት፣ ማራቶን በሚባለው አውራጃ፣ አንዳንዱ እርሻ ጥቁር ዳስ የተጣለበት ይመስላል። ከዳሱ ሥር የሚበቅለው ጂንሰንግ ነው። ተክሉ የጫካ ጥላ የለመደ ስለሆነ ፀሐይ አይችልም። ሥሩ ለገበያ እስኪደርስም ከ3 እስከ 5 ዓመት ይጠበቃል። አብዛኛው ምርት ወደ ቻይና ገበያ ይላካል። ዕፅዋት ለድካም ይጠቅሙ እንደሆነ ለመፈተን ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በጥንቃቄው በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ጥናት የተሠራውም በዚሁ በዊስኮንሲን ሥር ነው።

ጥናቱን የመሩት በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ዴብራ ባርተን ሲሆኑ፣ ውጤቱ በ2013 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተሳተፉት በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ወይም ሕክምናውን የጨረሱ፣ ድካም አልለቃቸው ያለ 364 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ሚሊግራም የተፈጨ የጂንሰንግ ሥር ወሰዱ። ሌሎቹ የተሰጣቸው መልኩ ከዚያው የማይለይ ባዶ እንክብል፣ ማለትም ፕላሲቦ ነው። ማን የቱን እንደሚውጥ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። በ4ኛው ሳምንት በሁለቱ ወገኖች መካከል አሳማኝ ልዩነት አልተገኘም። በ8ኛው ሳምንት ግን ከ100 በሚሰላው የድካም መለኪያ ጂንሰንግ የወሰዱት በአማካይ 20 ነጥብ ተሻሻሉ። ባዶውን የወሰዱት ደግሞ 10.3።

እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ጂንሰንግ የወሰዱት ካገኙት መሻሻል ግማሽ ያህሉ ምንም በሌለበት እንክብልም ተገኝቷል። ይህ ማለት ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። ድካም በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክትትልና ተስፋም በሰውነት ላይ ለውጥ ያመጣሉ። ቀሪው ግማሽ የሥሩ ድርሻ ነው ቢባል እንኳ ከነቅድመ ሁኔታው ነው። በቀን 2,000 ሚሊግራም፣ ሁለት ወር ሙሉ መሆን አለበት፤ ቀደም ብሎ በተደረገ ሙከራ 750 ሚሊግራም ከባዶው አልተሻለም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም ሕክምና ላይ በነበሩት ታማሚዎች ነው። እንደ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ያሉ ሌሎች የድካም መንስኤዎችም አስቀድመው እንዲጣሩ ተደርጓል። እንክብሉ ራሱ ከሙሉ ሥር የተፈጨ፣ ጂንሰኖሳይድ የተባለው ንጥረ ነገር 3 በመቶ መሆኑ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ነበር። ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ ለአሥር ቀን የሚሞክር ሰው ከእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች አንዱንም አያሟላም። «ጂንሰንግ ድካም ያጠፋል» የሚለው ቃል ከጥናቱ ይልቅ ከሻጩ አፍ የወጣ ነው።

ዕፅዋትን በሳይንስ ስም ለድካም የማቅረቡ ወግ ከሶቪየት ኅብረት ብዙ ተቀብሏል። በ1947 ኒኮላይ ላዛሬቭ የተባሉ የመርዝ ጥናት ሊቅ፣ ሰውነት ጫናን እንዲቋቋም ያግዛሉ ለሚባሉ ነገሮች «አዳፕቶጅን» የሚል ስያሜ አወጡ። ተማሪያቸው እስራኤል ብሬክማን በቭላዲቮስቶክ ሆነው፣ ጂንሰንግ ውድና ብርቅ ቢሆንባቸው፣ በሩቅ ምሥራቅ ጫካ እንደ ልብ ወደሚገኘው እሾሃማው ኤሉቴሮኮከስ ዞሩ። ይህ ቁጥቋጦ ወደ ምዕራብ ገበያ ሲገባ «የሳይቤሪያ ጂንሰንግ» ተብሎ ተሸጠ፤ በ2002 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ግን ጂንሰንግ ያልሆነውን ጂንሰንግ ብሎ መሸጥ ከልክሏል። ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት አርተር ሃርትዝና ባልደረቦቻቸው ድካም ሥር የሰደደባቸውን 96 ሰዎች መዝግበው ኤሉቴሮኮከስን ከባዶ እንክብል ጋር አወዳደሩ፤ ውጤቱ በ2004 ታተመ። በሁለቱም ወገን ያሉት በግልጽ ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ከሶቪየት ምድር የመጣው ሌላው ዝነኛ ሥር ሮዲዮላ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በውጥረት ምክንያት ለሚመጣ ጊዜያዊ ድካም መጠቀም ይቻላል ሲል የተቀበለው ለረጅም ዘመን ሲሠራበት መቆየቱን አይቶ እንጂ በሙከራ ብቃቱ ተረጋግጦ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ አለ፤ ድካሙ የምን ድካም ነው? የደም ማነስ ያደክማል። የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከምም እንዲሁ። ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበትና የኩላሊት ችግር፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ አንዳንዴም ለሌላ በሽታ የታዘዘው መድኃኒት ራሱ፣ ሁሉም በሽተኛው «አቅም አጣሁ» በሚላት በአንዲት ቃል ይመጣሉ። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ብረት ያነሳት ሴት ለጉልበት የሚሆን ሥር ከምትገዛ የደም ምርመራ ብታደርግ የተሻለ ታተርፋለች።

የብረት ነገር ከሌላውም ይልቅ አስተማሪ ነው። በፈረንሳይ በጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ ድካም ብለው የመጡ 198 ሴቶች ተመረጡ። የወር አበባ የሚያዩና ደማቸው ገና ያላነሰ፣ የተከማቸ ብረት የሚለካበት ፌሪቲን ግን ከ50 በታች የሆነባቸው ነበሩ። በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት፣ በቀን 80 ሚሊግራም ብረት ለ12 ሳምንት የወሰዱት ድካማቸው በ47.7 በመቶ ቀነሰ፤ ባዶ እንክብል የወሰዱት በ28.8 በመቶ። ሄሞግሎቢን «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። ለቡና ወዳጆችም አንድ ነገር አለ። በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚያገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም የቡናው ጉዳት ያው ነበር፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን አልጎዳም። ከምሳ ቀጥሎ ቡና ለሚፈላበት አገር ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ሕመም አለ፤ በሕክምና ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ወይም ማያልጂክ ኢንሴፋሎማይላይቲስ ይባላል። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2015 ባወጣው ሪፖርት በዚያ አገር ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚጠቁበት ገምቷል። መለያው ትንሽ ሥራ ከተሠራ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ፣ ሁሉም ምልክት መባባሱ ነው። ይህን ሕመም እንደሚያድን የተረጋገጠ ዕፅ የለም። የበለጠ የሚያሳስበው ግን የሚያነቃቃ ነገር የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጓራና የተባለው ተክል ወይም ሌላ ማነቃቂያ የድካሙን ስሜት ለጥቂት ሰዓት ሲሸፍነው በሽተኛው ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ጫትም በድካም ላይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣውን ድባቴ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ሰፕልመንት የሚባለው የምግብ ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። «ልዩ ቅልቅል» ተብሎ ከተጻፈ አምራቹ የቅልቅሉን ጠቅላላ ክብደት ይጻፍ እንጂ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመግለጽ አይገደድም። ጓራና ካፌይን አለበት፤ ግን ገዢው ስንት ሲኒ ቡና እንደዋጠ ከጽሑፉ ላያውቅ ይችላል። በ2003 የባልቲሞር ኦርዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤችለር በ23 ዓመቱ በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሲሞት፣ የአስከሬን መርማሪው ይወስደው የነበረውን ኤፌድራ የያዘ ሰፕልመንት ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቀሰ። ኤፌድራ ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለሕክምና የተጠቀሙበት ተክል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰፕልመንት ውስጥ እንዳይሸጥ የከለከለው በ2004 ነው። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት በዚያ አገር በሰፕልመንት ምክንያት በየዓመቱ 23,000 ያህል ሰዎች ወደ ድንገተኛ ክፍል እንደሚመጡ ገመተ። ከ20 እስከ 34 ዓመት ባሉት ጎልቶ የታየው በክብደት መቀነሻና በጉልበት መስጫ ምርቶች የሚመጣ የልብ ምት መዛባትና የደረት ሕመም ነው።

ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የብዙ ሰው መልስ «የለም» ነው። የቤቱ አብሽ፣ ከማር ጋር የሚቀመሰው ጥቁር አዝሙድ፣ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ የላከው እንክብል በመድኃኒት ተራ አይቆጠርም። ሰውነት ግን ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ጂንሰንግ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንን ያዳክማል፤ ይህም በ2004 በታተመ ሙከራ ታይቷል። አሽዋጋንዳ የተባለው ዕፅ የጉበት ጉዳት ማድረሱ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል፤ ዴንማርክም በ2023 አግዳዋለች። ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በ57 በመቶ እንደሚቀንስ በ2000 ተረጋግጧል። ዛሬ በኢትዮጵያ በዋናነት የሚታዘዘው ዶሉቴግራቪርም ከዚሁ ዕፅ ጋር አብሮ እንዳይወሰድ ይመከራል። ኤችአይቪን በደንብ ተቆጣጥራ የኖረች ታካሚ «ተፈጥሮ ነው» በተባለ እንክብል ቫይረሱ ሊያገረሽባት ይችላል።

ስለዚህ ጤና ባለሙያው ጥያቄውን «ከገበያ፣ ከቤት ወይም ከወዳጅ አግኝተው የሚጠጡት፣ የሚውጡት ነገር አለ?» ብሎ ቢያሰፋው፣ ታካሚውም ጠርሙሱን ራሱን ይዞ ቢመጣ ይሻላል። የደም፣ የፌሪቲን፣ የታይሮይድና የስኳር ምርመራው ተሠርቶ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከዕፁ ጋር እንደማይጋጩ ታይቶ አሁንም መሞከር የሚፈልግ ሰው፣ አንድ ምርት ብቻ፣ መጠኑ በግልጽ የተጻፈበትን ይምረጥ። የጀመረበትን ቀንም ይጻፍ። 8 ሳምንት ሞልቶት ለውጥ ካላየ፣ ወይም ከዚያ በፊት ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ልቡ ያለ ልክ ከመታ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ አቁሞ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።