የመዝገቡ ግማሽ ገጽ

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቼ በበረሃው መንገድ ወደ ሰመራ በተጓዝሁ ቁጥር፣ ስለ «ተፈጠረው የሥራ ዕድል» የሰማኋቸው ቁጥሮች አብረውኝ ይጓዛሉ። የምጠራጠራቸው ሐሰት ናቸው ብዬ ብቻ አይደለም፤ የተጨመረውን ቆጥረው የተቀነሰውን ስለሚዘሉ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንን ሲያቋቁም ተስፋው ልማት ነበር። በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ አለማ። ሥራ በእርግጥ ተገኘ፤ ለቀማው ግን በአብዛኛው ከደጋ ለሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሆነ። አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ግጦሽ እርሻ ሆነበት። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መሸሻ አጣ፤ ስዊድናዊው ተመራማሪ ላርስ ቦንዴስታም እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ ጽፏል።

ደርግ እርሻውን በ1967 ዓ.ም. ወረሰ። የመዝገቡ ባለቤት ተለወጠ እንጂ አቆጣጠሩ አልተለወጠም። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ከሰመራ ብዙም በማይርቀው ዱብቲ፣ በሕንድ ብድር የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካ ተተከለ። 50,000 ሄክታር አገዳ ታቀደ፤ የሙከራ ምርት በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ፋብሪካው ግን የታለመለት ደረጃ ሳይደርስ ማምረት አቆመ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። የአፋሩ ላም ግን ምድር ላይ ነበረች፤ ግጦሿ የተወሰደው በሰማይ ላለችው ላም ሲባል ነው።

ስለዚህ አዲስ ቁጥር በተነገረ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ያ እረኛ በየትኛው ገጽ ተመዘገበ?